ወፍራሙ መስታወት

ያንን አሮጌ የዱቄት ፋብሪካ «ምነው በፈረሰ» ያላለ ሰው በከተማው ቢፈለግ ከሁለት አይበልጥም ነበር፤ አንዷ ውሃልክ፣ ሌላው አጎቷ። ውሃልክ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ ግንበኞች የለጠፉባት ነው። ኢንጂነር ናትና የግንብ መዛነፍ የሚለካበት ውሃ ልኳ ከእጇ አይለይም። ሰው ቤት እራት ተጋብዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ውሃ ልኩን አስቀምጣ «ወደ ግራ አዘንብሏል» ብላለች እያሉ ያሟታል። ሐሜት ነው። ወንበሩን ነው ያለችው።

አጎቷ መስታወት ቆራጭ ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ «ጋሼ» ትለዋለች፣ እሱም እሷ ራሷ ልጅ ወልዳ እንኳ «ሚጣዬ» ማለቱን አልተወም። በሥራው ኩሩ ሰው ነው። የተሰነጠቀ መስታወት ሲያይ ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ፊቱ ይጨማደዳል። በማያውቀው ሰፈር ሲያልፍ ስንጥቅ መስኮት ካየ፣ በር አንኳኩቶ «ይሄ ነገር አያሳፍራችሁም?» ይላል። ይህን ጠባዩን ያዙልኝ፤ መዘዙ ይመጣል።

ፋብሪካው ወፍጮዎቹ ከተነሱበት ቆይቷል። የቀረው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር የሚሻገር ሰፊ የጡብ ቅስት፣ ከቅስቱም በላይ ዱሮ ጆንያ ይከመርበት የነበረ የእንጨት ሰገነት ነው። በጡቦቹ መገጣጠሚያ ውስጥ የዱሮው ዱቄት አሁንም አለ። ነፋስ በገባ ቁጥር ይቦናል፤ ጠዋት የተጠረገው ወለል ከሰዓት በኋላ ነጭ ነው። ውሃልክ ይህን ቤት የልጆች ንባብ ቤት ላድርገው ብላ ተነሳች። የከተማው ቤቶች ኃላፊ ደግሞ «አፍርሰን ዘመናዊ እንሥራ» አለ። በዚህ ነገር ስንት ስብሰባ ተጨቃጨቁ!

«የቆመ ቤት አፍርሶ ሌላ መሥራት፣ የበሰለ ምግብ ደፍቶ እንደገና እሳት ማንደድ ነው» አለችው በመጨረሻ። «ድንጋዩ ተጠርቧል፣ ጡቡ ተተኩሷል፣ እንጨቱ ደርቋል። ይህን ሁሉ ልፋት ገደል ከትተን ሌላ ተራራ ልንንድ ነው?»

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሎ የሚፈራ፣ ፈርቶ የሚቆጣ ዓይነት ነው። «እሺ» አላት። «ነገር ግን ይህ ቤት ትንሽ ተነቃነቀ ሲሉኝ፣ በማግስቱ ዶዘር አስገባበታለሁ። ይወቁት!»

ቅስቱ ላይ ስንጥቅ ነበረ። ስንጥቅ ሁሉ በሽታ አይደለም፤ እንደ ሽበት የዕድሜ ብቻ የሆነም አለ። ስንጥቁ አሁንም እየሰፋ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ውሃልክ ቀላል ዘዴ አላት። ቀጭን የመስታወት ቁራጭ በስንጥቁ ላይ አጋድሞ ሁለቱን ጫፎች በጄሶ ማጣበቅ ነው። መስታወት መለጠጥ አያውቅም፤ ግድግዳው የፀጉር ያህል ቢንቀሳቀስ ቀጭ ይላል። ሙሉ ከሆነ ቤቱ ተኝቷል፤ ከተሰበረ ቤቱ ተናግሯል ማለት ነው። ውሃልክ በየስንጥቁ ላይ እንዲህ ያለ ቁራጭ በገዛ እጇ ለጠፈች።

ቁራጮቹን የቆረጠላት ጋሼ ነው። «ጋሼ፣ ጣት ጣት የሚያህሉ፣ ቀጫጭን አድርገህ ቁረጥልኝ» አለችው፤ ቆረጠላት። ለግንበኞቹና ለቀለም ቀቢዎቹ ምን እንደሆኑ አስረድታለች፣ እንዳትነኩ ብላ አስጠንቅቃለች። ለጋሼ ግን አልነገረችውም። ለመስታወት ቆራጭ ስለ መስታወት ማን ያስረዳል?

የዝናቡ ወራት አለፉ። ውሃልክ በመጣች ቁጥር ከቅስቱ ሥር ቆማ ቀና ትላለች፤ መስታወቱ ሙሉ ነው። ልቧ ሞላ፤ ቤቱ ደህና ነው ብላ ፈረመች። መጻሕፍቱ በካርቶን በካርቶን እየሆኑ ሰገነቱ ላይ ወጡ፣ መደርደሪያዎቹ ሞሉ። ጋሼም ዝናቡ ሳይጀምር የመስኮቶቹን ሥራ ተቀብሎ፣ ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣ የቤቱ ሰው ከሆነ ቆይቷል።

የመክፈቻው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነበር። ውጪ ያካፋል። ኃላፊው ግቢው ውስጥ ወንበር ያስደረድራል፤ ወንበሮቹ ዝናብ ላይ መሆናቸውን ያየ አይመስልም። የሙዚቃ አስተማሪዋ በመክፈቻው ላይ የሚዘምሩትን ልጆች ሰገነቱ ላይ አሰልፋ ታለማምዳለች። የውሃልክ ልጅም ከነሱ ጋር ናት፤ ቁመቷ ከሁሉም ስለሚበልጥ ከኋላ፣ ልክ ከቅስቱ አናት በላይ አቁመዋታል። ውሃልክ ለመጨረሻ ጊዜ ሁሉን በቅርብ ልይ ብላ መሰላል አስደገፈችና እየፎጨች ወጣች።

የመጀመሪያው መስታወት ላይ ዱቄት ተኝቶበታል። በጣቷ ጠረገችው፤ ሙሉ ነው። ሁለተኛውም እንደዚሁ አቧራ ለብሶ፣ ሸረሪትም አድርቶበት ሙሉ ነው። መሰላሉን ቅስቱ መሃል ወዳለው ወሰደችና ወጣች። ይኼኛው ያበራል። ጣቷን አሳረፈችበት፤ ጣቷ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ።

ፉጨቷ አፏ ላይ ቀረ። በዚህ ቤት ውስጥ ንጹሕ ነገር የለም፤ ንጹሕ ነገር ካለ አዲስ ነው። ዳር ዳሩን በጥፍሯ ዳሰሰች። ውፍረቱ እሷ ከለጠፈችው ይበልጣል። ጄሶው ነጭ ነው፣ ሲነኩት ገና ይቀዘቅዛል። ከመስታወቱ ሥር ያለው ስንጥቅ ደግሞ፣ ያኔ የወረቀት ጫፍ የማያስገባው፣ አሁን የእርሳስ ጫፍ ይውጣል። ክው አለች።

ልክ በዚያች ደቂቃ ከላይ መዝሙሩ እግር መምታት ያለበት ቦታ ላይ ደረሰ። ድብ! ድብ! ድብ! ከቅስቱ መገጣጠሚያ ቀጭን የዱቄት ክር እየፈሰሰ በትከሻዋ ላይ ወረደ።

እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ጋሼ በሩ አጠገብ የመጨረሻዋን መስኮት በጨርቅ እየወለወለ ነበር።

«ጋሼ፣ ቅስቱ ላይ ያለውን መስታወት ነክተኸዋል?»

ፊቱ በራ። «አየሽው እንዴ? ቆንጆ አድርጌ ነው የገጠምኩልሽ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። የበፊቱ ተሰብሮ ነበራ! ነገ ያ ኃላፊ እንግዳ ይዞ ሲመጣ፣ ስንጥቅ መስታወት አይቶ ባንቺ እንዲስቅ ልተወው?»

«የበፊቱ ስትል፣ ቀጭኑን?»

«ቀጭኑማ ዱሮ! እሱ ዝናቡ እንደጀመረ ነው የተሰበረው። በሌላ ቀጭን ተካሁት፤ እሱም ተሰበረ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መስታወቱ ደካማ ነው አልኩና ወፍራም አደረግኩልሽ። ትናንት ያም አልቻለም። ዛሬ ግን ሱቅ ካለኝ ሁሉ ወፍራሙን ነው ያመጣሁት። ይኼ በመዶሻ ቢመቱትም አይሰበር!»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? የአጎትሽ መስታወት ሦስቴ ተሰበረ ብዬ? ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እዚያ ቤት ግን ነቀዘ።

ጋሼ ከሽርጡ ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ፈታው። ስብርባሪዎቹ ናቸው። «የተሰበረ መስታወት መሬት አይጣልም፤ ልጅ ይረግጠዋል» አላት፣ ጠንቃቃነቱን እንድታይለት። የመጀመሪያው ቀጭን መስታወት መሃሉን ለሁለት ተከፍሏል። የመጨረሻው፣ ወፍራሙ፣ ሦስት ቦታ ደቋል።

«ጋሼ» አለች፤ ድምጿ ሹክሹክታ ሆኖ ወጣ። «የተለጠፈው እንዲሰበር ነበር። ግድግዳው ከሄደ እንዲነግረኝ።»

ወዲያው አልገባውም። መጀመሪያ እሷን አየ፣ ከዚያ እጁ ላይ ያሉትን ስብርባሪዎች አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከላይ ልጆቹ እግራቸውን ይመታሉ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔን» አለ። «እኔን ይድፋኝ፣ ሚጣዬ!»

እውነቱን መናገር ካለብን፣ ውሃልክ ወዲያው ወደ ደረጃው አልሮጠችም። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆማ አሰበች። ልጆቹን ካወጣች ኃላፊው ይጠይቃል፤ ከጠየቀ ዶዘሩ ይመጣል፤ ይህ ሁሉ ልፋት አፈር ይሆናል። ነገ እስኪያልፍ ብቻ ቢቆይስ? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ከዚያ አንድ ተጨማሪ የዱቄት ክር ወረደ፤ የዚያች ትንፋሽ ኀፍረት ግን እስከ ዛሬም አልለቀቃትም።

መጮህ አይቻልም። ብትጮህ ልጆቹ ይሮጣሉ፤ ደረጃው የሚወርደው በቅስቱ ጎን ነው፤ ያ ሁሉ እግር ባንዴ ከተንጋጋበት ቅስቱ አይችለውም። «ጋሼ፣ ደረጃው ግርጌ ቁም። እያንዳንዱን እያነሳህ ወደ ውጪ አሳልፍ። እንዳይዘሉ» አለችው። እሷ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ወጣች። ፊቷ ላይ ፈገግታ ለጥፋለች።

አስተማሪዋ ገና ወጣት ናት፤ ሁሉም «ቲቸር» ነው የሚሏት። ውሃልክ ጆሮዋ ሥር ተጠግታ «ወለሉ ሊናድ ይችላል። ሳይሮጡ፣ እግር ሳይመቱ፣ ተራ በተራ መውረድ አለባቸው። እባክሽ እንዳትደነግጪ» አለቻት። ቲቸር ከንፈሯ ነጣ። ግን ጎበዝ ልጅ ናት፤ እጇን አንስታ መዝሙሩን አስቆመችና ወደ ልጆቹ ዞረች።

«አሁን ጨዋታ ልንጫወት ነው! ከታች አንድ ሕፃን ተኝቷል። ማንም እግሩ ሳይሰማ የወረደ አሸናፊ ነው። የሮጠ ወጣ። ያወራም ወጣ።»

ልጆቹ ተሳሳቁ፤ ከዚያ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ጸጥ አሉ። አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ። ውሃልክ ደረጃው አፍ ላይ ቆማለች። ዐይኗ ከኋላ ከቆመችው ልጇ ላይ አይነሳም። ዘልላ ሄዳ፣ እሷን አስቀድማ፣ በደረቷ አቅፋ መውረድ አማራት። ግን ልጇ ያለችበት የወለሉ ክፉ ቦታ ነው፤ የአንዲት ሴት ክብደት እዚያ ላይ መጨመር አትችልም። ሰልፉም ቢበተን ሌሎቹን ማን ይይዛቸዋል? እነሱም እናት አላቸው። ቆመች።

ከእግራቸው በታች አንድ ቦታ ሳንቃ ሲጢጥ አለ። አንዱ ጥርሱ የወለቀ ልጅ «ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም!» ብሎ በሹክሹክታ ተከራከረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ውሃልክ በሳቅ በፈረሰች። ቲቸር ግን «አንተ አይደለህም፣ ቀጥል» አለችው፤ እንባዋ ግን እየወረደ ነበር።

ከታች ጋሼ እያንዳንዱን ልጅ ከመጨረሻው ደረጃ ሳያስረግጥ አንስቶ፣ እንደ ትልቅ የመስታወት ገበታ ከፊቱ ይዞ፣ በሩ ላይ ያስቀምጣል፤ ይመለሳል። ወገቡን ያመዋል፤ ትንሽ ከበድ ያለ ነገር ሲያነሳ የሚያቃስት ሰው ነው። ያን ቀን ግን እህ እንኳ አላለም።

በመጨረሻ ልጇ ብቻ ቀረች። ያቺ ልጅ ደግሞ በጨዋታ መሸነፍ የማታውቅ፣ በካርታም በሩጫም ካላሸነፈች እንቅልፍ የማይወስዳት ናት። ሁሉንም ልትበልጥ ፈለገች። አንድ እግሯን አነሳች፤ በአየር ላይ አቆየችው፤ በጣቷ ጫፍ አሳረፈችው፤ ሰማች፤ ሌላውን አነሳች። ውሃልክ «ቶሎ በይ» ብትል ልጅቷ ትሮጣለች። ስለዚህ እጇን ብቻ ዘረጋችላት። የገዛ ልጇ ቀስ ብላ፣ ኮርታ፣ በዚያ ወለል ላይ እንደ ድመት ስትመጣ ቆማ አየች። ጊዜው አላልቅ አለ።

ልጅቷ አጠገቧ ስትደርስ «አሸነፍኩ?» ብላ አንሾካሾከች።

«አሸነፍሽ» አለች ውሃልክ፤ እጇን ይዛ ወረደች።

ግቢው ውስጥ ልጆቹ ዝናብ ላይ ቆመው ማን እንዳሸነፈ ይጨቃጨቃሉ። ኃላፊው ይህን ሲያይ ተንደርድሮ መጣ። «እነዚህን ልጆች ዝናብ ላይ ያወጣቸው ማነው? ነገ ሊያስሉብኝ ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ውሃልክ። «ቅስቱ ተንቀሳቅሷል። ማንም አይግባ።»

«ተንቀሳቅሷል? መስታወቱ አልተሰበረም፣ ቤቱ ደህና ነው ብለው የፈረሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ይህን እያለ፣ እጇን ዘርግታ ብትይዘውም አምልጧት፣ ገብቶ ከቅስቱ ሥር ቆመ፤ ቀና ብሎ ጣቱን ቀሰረ። «ይኸው! ምንም አልሆነም! ሙሉ ነው! ልጆች፣ ተመለሱ!»

ጋሼ በሩ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ልጆቹን አገደ። «አይገቡም!» አለ። «መስታወቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሦስቴ ተሰብሮ ሦስቴ ቀየርኩት። ነውር መስሎኝ። ጌታዬ፣ አፈር ስሆን ከዚያ ይውጡ!»

«መስታወት ነዋ፤ መሰበር ሥራው ነው!» አለ ኃላፊው።

ቀጭ።

ትልቅ ድምፅ አልነበረም። አንድ ደረቅ ድምፅ፣ ከኃላፊው ራስ በላይ። ወፍራሙ፣ በመዶሻ ቢመቱት አይሰበርም የተባለው፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀና ግማሹ ወርዶ እግሩ ሥር ተከሰከሰ።

«እሰይ!» አለ ጋሼ። በሕይወቱ ሙሉ መስታወት ሲሰበር ያን ቃል ብሎ አያውቅም።

ኃላፊው ወደ በሩ ዞረ። ልጆቹ እንዲያ የተለማመዱትን አካሄድ እሱ ሳያስተምሩት አወቀው፤ በጣቱ ጫፍ፣ ትንፋሹን ይዞ ወጣ። በሩን እንዳለፈ ከቅስቱ ጥቂት ጡቦች ከነልስናቸው ወረዱ፤ ጆንያ እንደ መጣል ያለ ድምፅ ተሰማ፤ የዱሮው ዱቄት ቦኖ አዳራሹን ሞላው። ዱቄቱ ሲረግብ ጡቦቹ እሱ ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ ነበሩ። ቲቸር ልጆቹን አቅፋ ጮክ ብላ አለቀሰች። የውሃልክ ልጅ «ሕፃኑስ?» ብላ ጠየቀች።

ከመምሸቱ በፊት ቅስቱ በምሰሶ ተደገፈ። በኋላ ሲቆፈር ነገሩ ተገኘ፤ የጣሪያው አሸንዳ ማዕዘኑ ላይ ተቀድዶ፣ ውሃው ክረምቱን ሙሉ በግድግዳው እግር ሥር ሲወርድ ከርሟል፤ መሠረቱ በአንድ ጎን ሰጥሟል። ኃላፊው እንደዛተው ዶዘር ሊጠራ ነበር። ውሃልክ ፊቱ ቆማ «ቤቱ ዝናቡ በጀመረ ሰሞን ነግሮናል። ያኔ ብንሰማው አንድ አሸንዳ መጠገን ይበቃው ነበር። ጥፋቱ የቤቱ አይደለም» አለችው። ቀናት አኩርፎ ሰነበተ። ደግነቱ ጡቦቹ የወደቁበትን ቦታ በሄደ ቁጥር ያየው ነበር፤ በመጨረሻ «አጥብቃችሁ እሰሩት» አለ። መሠረቱ ተጠገነ፣ ቅስቱ በብረት ታሰረ፣ ጡቦቹ ተለቅመው በዱሮው ዓይነት ኖራ ቦታቸው ተመለሱ።

ጋሼ ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ጊዜ ምግብ አልበላለት አለ። «ሦስቴ ሲናገር ሦስቴ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ» ይላል።

«እኔስ?» ትለዋለች ውሃልክ። «ላንተ መንገር ረስቼ ለቀለም ቀቢው የነገርኩት?»

አዲሶቹን ቁራጮች እሱ ቆረጣቸው፤ ሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ ቀጭኑን መርጦ፣ ትንፋሽ ይሰብራቸዋል እስኪባል ድረስ። በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቱ በፊት ይመጣል፤ መሰላል ወጥቶ፣ ሁለት እጁን ከኋላው ቆልፎ፣ እንዳይነካ፣ አንድ በአንድ ያያቸዋል።

ንባብ ቤቱ በመጨረሻ ሲከፈት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ኃላፊው ንግግር እያደረገ ነው። ከጥግ የተቀመጠ አንድ ሰው ውሃ የያዘ ብርጭቆ ከእጁ አመለጠውና ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። የሰውየው ሚስት «ወይ አንተ!» ሳትለው፣ ጋሼ አጠገቡ የነበሩትን ሁለት ልጆች በብብቱና በብብቱ አድርጎ ከበሩ ውጪ ነበር። ልጆቹ እግራቸውን እያወራጩ ይጮሃሉ፤ እሱ ደጅ ቆሞ ያለከልካል።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው እንኳ ንግግሩን አቁሞ ሳቀ።

ውሃልክ አልሳቀችም። እሷም ልጇን አቅፋ ከጋሼ ጎን ደጅ ቆማ ነበር።